በአሮጌ ኮምፒውተሮች ድረ ገጽ አልከፈት እያለ፣ ቪዲዮም እየተቆራረጠ ስላስቸገረን (ዘጌ)

ጥያቄ፦ መምህሩ ከዘጌ

የተከበራችሁ አባላት፣ በጣና ዳር በዘጌ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በስጦታ ያገኘናቸው ሰባት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች አሉን፤ ስድስቱ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) አላቸው፣ ሰባተኛው ግን ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁሉም ላይ ዊንዶውስ 7 እና ክሮም 109 የተባለው ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ተጭኗል። ኢንተርኔት የምናገኘው ከአንድ የሞባይል ዋይፋይ ነው።

ችግራችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ድረ ገጽ ልንከፍት ስንል «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ እየመጣ ይከለክለናል፤ በዚያው ዋይፋይ በስልኬ ስሞክረው ግን ወዲያው ይከፈታል። ሁለተኛው፣ ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ከኮምፒውተሮቹ አንዱን ነካክቶልን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ዩቲዩብ ተከፍቶ ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ ይቆም ነበር።

ሰዓቱን እዩ እንዳትሉኝ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ 2009 ስለሚመለስ በየጠዋቱ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ዛሬም ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሆነ 3/3/2018፣ ሰዓቱንም 3፡10 አድርጌ ነው ሥራ የጀመርኩት። አንድ ባለሙያ «ጊዜያቸው አልፏል፣ ጣሏቸው» ብሎናል፤ ከመጣላችን በፊት የእናንተን ምክር እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የጥገና ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚመለሰው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስላለቀች ነው። ቁጥሯ 2032፣ ኃይሏ 3 ቮልት ሲሆን፣ ሰዓት ከሚሸጡ ሱቆችም ትገኛለች። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ መያዣዋን በጥፍርዎ ገፋ አድርገው አሮጌዋን ያውጡና አዲሷን የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ያስገቡ። እግረ መንገድዎን የፕሮሰሰሩን ፋን አቧራ በብሩሽ ይጥረጉለት፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማቀዝቀዝ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይህም ቪዲዮውን ያባብሰዋል።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሽምብጥ

ባትሪው ትክክለኛ ምክር ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ቢቀየርም መምህሩ እንደ ልማዳቸው ቀኑን ካስተካከሉ ማስጠንቀቂያው ይቀጥላል። ምክንያቱን ራሳቸው ጽፈውታል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ሆኖ ሳለ የሰጡት የእኛን ነው።

በየአንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ ላይ የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል የምስክር ወረቀት አለ፤ በወረቀቱም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ተጽፎበታል። ብሮውዘሩ ይህን ቀን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። 3/3/2018 ሲባል ኮምፒውተሩ «እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2018» ብሎ ይረዳል፤ ዛሬ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሲቀርብለት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ያሳዩት ያህል ስለሚቆጥረው አይቀበለውም። ስልክዎ ሰዓቱን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ ነው ችግሩ የማይነካው፤ እንግዳውም የነካካው ይህንኑ ቀን ይመስለኛል።

የሚያደርጉት ይህ ነው። በመጀመሪያ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ያድርጉ፤ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ያስገቡ። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይጨመርበታል፤ ከጠዋቱ 3፡10 የምንለው ለኮምፒውተሩ 9፡10 ነው። በመጨረሻ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ምርጫ ያብሩት። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ለማረም እምቢ ይላል፣ በእጅ ካቀራረቡለት በኋላ ግን የቀረውን ደቂቃ ራሱ ያስተካክላል። የእኛን ቀን ማየት ለሚፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ጠያቂው፦ መምህሩ ከዘጌ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሰባት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ ሳስተምር መኖሬን አሁን ተረዳሁ። ባትሪዎቹን ከባሕር ዳር ገዝቼ በጀልባ ይዣቸው መጣሁ፤ ከቀየርኳቸው በኋላ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ቀኑ አልተንቀሳቀሰም፣ ማስጠንቀቂያውም በስድስቱ ላይ ጠፍቷል። ሰባተኛውን ገና አልሞከርኩትም። ቪዲዮው ግን እንደዚያው ነው፤ በ480 ጥራት እንኳ ምስሉ ይቆማል። ፍላሽ ፕሌየር (የድሮውን የድረ ገጽ ቪዲዮ ማጫወቻ) ባስገባበት ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሽምብጥ

ፍላሽን ይተዉት። ሠሪው ድርጅት ድጋፉን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አቁሟል፤ ዩቲዩብም ከእሱ ከተላቀቀ ቆይቷል። ዛሬ «ፍላሽዎን ያድሱ» እያለ የሚመጣ ገጽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ ነው ብለው ይያዙት።

መልስ፦ የቪዲዮ ኤዲተር፣ ባሕር ዳር

ጉዳዩ የቪዲዮው አስተሻሸግ ነው፤ በሙያው ኮዴክ ይባላል። ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ መንገድ አሽጎ ያስቀምጣል፤ ኤች.264 የሚባለው አሮጌውና ለመፍታት ቀላሉ ሲሆን፣ ቪፒ9 እና ኤቪ1 ደግሞ ኋላ የመጡ፣ በአነስተኛ ዳታ ጥሩ ምስል የሚሰጡ፣ ነገር ግን ለመፍታት ብዙ ስሌት የሚጠይቁ ናቸው። ብሮውዘሩ «አዲሶቹን መክፈት እችላለሁ» ስለሚል ዩቲዩብ አዲሶቹን ይልክለታል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህን የመፍታት ሥራ ግራፊክስ ካርዱ ይረከባል፤ በእናንተዎቹ ላይ ግን ካርዱ እነዚህን ኮዴኮች ስለማያውቅ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ድምፅ ቀላል ስለሆነ ይቀጥላል፣ ምስሉ ግን ይቀራል።

እንዲህ ያድርጉ፦ ክሮም 109 በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አልወጣለትም። በእሱ ፈንታ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን እትም) ይጫኑ፤ ለዊንዶውስ 7 የቆየው የፋየርፎክስ የመጨረሻ ቅርንጫፍ እሱ ነው። የታመኑ የምስክር ወረቀት ሰጪዎችንም ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ የዊንዶውሱ ማርጀት ብዙ አይጎዳውም። ከዚያም «ኢንሃንስድ ኤች264ኢፋይ» የተባለውን የብሮውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም አስገብተው፣ በምርጫዎቹ ውስጥ ቪፒ9ን፣ ኤቪ1ንና በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያላቸውን ቪዲዮዎች ይዝጉ። ዩቲዩብም ሌላ ምርጫ ስለሚያጣ ኤች.264ን ይልካል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ በቪዲዮው ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የኮዴኩ መስመር ኤ-ቪ-ሲ በሚሉ ፊደላት ከጀመረ ተሳክቷል። የተጣሉ ፍሬሞች ቁጥርም እዚያው ይታያል።

አንድ ጉድለት ልንገርዎ፤ ኤች.264 ለተመሳሳይ ጥራት የበለጠ ዳታ ይበላል። ሰባት ኮምፒውተር በአንድ ሞባይል ዋይፋይ ሲከፍቱ ይህ ይሰማዎታል፤ ስለዚህ 480 ወይም 360 ላይ ይቆዩ፣ ከተቻለም አንዱን ከፍተው በጋራ ይመልከቱ።

መልስ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ይህ ሁሉ መለጣጠፍ ለምን አስፈለገ? ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ካበቃ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን በነፃ ጭነው፣ በየጊዜው የሚታደስ ብሮውዘር ያግኙ።

መልስ፦ የጥገና ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር

ሐሳቡ መልካም ነው፣ ነገር ግን ተማሪው ያልተናገረው ነገር አለ። መምህራን ፈተና የሚያዘጋጁት በፓወር ግዕዝ ከሆነ፣ እሱ የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ በሊነክስ ላይ አማርኛ የሚጻፈው በሌላ ኪቦርድ ስለሆነ እጃቸው እስኪለምድ ፈተናው ይዘገያል። ሚንትም ቢሆን 2 ጊጋባይት ዝቅተኛው ወለሉ እንጂ ምቾቱ አይደለም። ስለዚህ በአንዱ ላይ ብቻ ይሞክሩት፤ ከፍላሽ ዲስክ ሳይጫን ማስነሳት ስለሚቻል ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ማየት ይችላሉ። በዊንዶውስ 7ቱ ላይ ግን የባንክ ሒሳብም ሆነ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል አይክፈቱ፤ ለእሱ ስልክዎ ይሻላል።

ራሙን በተመለከተ፣ ሰባተኛው ኮምፒውተር በ1 ጊጋባይት ቪዲዮ ያሳያል ብዬ አላታልልዎትም። ውስጡን ከፍተው የራሙን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሁሉም ዲዲአር2 ከሆነ፣ ከሰባተኛው ነቅለው ባዶ ቦታ ላለው ለአንዱ ይስጡት፣ ያ ኮምፒውተር 3 ጊጋባይት ይሆናል። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ግን መሐል ላይ ያለው ቁርጣቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ አይጫኑት።

ጠያቂው፦ መምህሩ ከዘጌ

ፋየርፎክሱንና ተጨማሪውን በስድስቱም ላይ አስገባሁ። የኮዴኩ መስመር አሁን ኤ-ቪ-ሲ ይላል፤ የባዮሎጂ ትምህርቱን በ480 ጥራት ሳይቆም እስከ መጨረሻው አየነው። የሰባተኛው ራም ዲዲአር2 ሆኖ ስለተገኘ በር አጠገብ ላለው ኮምፒውተር ሰጥቼዋለሁ፤ ሚንቱንም የምሞክረው በዚያው ላይ ነው። የተረፈውን የሰባተኛውን ኃይል አቅራቢና ሃርድ ዲስክ ለመለዋወጫ አስቀምጠናቸዋል። ፈተናዎቹ የተጻፉባቸውን የግዕዝ ፎንቶች ወደ ሚንት የምገለብጥበትን መንገድ ተማሪው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

እርማቱን ተቀብያለሁ። መምህር፣ የፎንቶቹን ፋይሎች ከዊንዶውሱ የፎንት ማስቀመጫ ወደ ፍላሽ ዲስክ ይቅዱ፤ ሚንት ውስጥ በሆም ፎልደርዎ ስር በነጥብ የሚጀምር «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ከፍተው ይለጥፏቸውና የጽሑፍ ፕሮግራሙን ሊብሬ ኦፊስን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ከዩኒኮድ (ከዛሬው የጋራ የፊደላት ኮድ) በፊት የተጻፉ ፈተናዎች ካሉ ጽሑፉን ሲያዩት የላቲን ፊደል ሊመስል ይችላል፤ ጽሑፉን መርጠው የተጻፈበትን ፎንት ሲመልሱለት ግዕዙ ይወጣል።