ፊደል ለይተው ረጅም ቃል ላይ ለሚደናቀፉ ጎልማሶች ምን ይበጃል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማንበብ የሚማሩ ጎልማሶች የፊደል ገበታውን ሳይስቱ ይዘልቁታል። «ስለማይሰበሩ» ዓይነት ቃል ሲገጥማቸው ግን የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይሉና የቀረውን በግምት «ስለሰበሩ» ብለው ያልፋሉ፤ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። ፊደል መከለሱ ለውጥ አላመጣም። ምን ላይ ላተኩር?

ሥር ፈላጊ፦
ክለሳውን ይተዉት። የጎደለው ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ ማስተዋል ነው። በእኛ አጻጻፍ መጋጠሚያው አንድ ፊደል ውስጥ ይደበቃል፤ «ቤት» እና «ኦች» ሲገናኙ «ቶ» ከሁለቱም ይዛለች። ስለዚህ ከብዕር በፊት በጆሮ ይጀምሩ። ምንም ሳይጻፍ «ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ መስበሪያ» ይበሉና ከሁሉም ውስጥ ያልጠፋው ድምፅ የቱ እንደሆነ ይጠይቁ። ስ፣ ብ፣ ር (የቃሉ ሥር) ከአፋቸው ሲወጣ ቃላቱን ጽፈው እነዚህን ፊደላት ያስከብቧቸው። ከዚያ «ስለማይሰበሩ»ን ያምጡ፤ መጀመሪያ ሥሩ ይከበብ፣ ቀጥሎ «ስለ» ከ«ማይ» ይለይ፣ በመጨረሻ «ሩ» ውስጥ ያለችው «ኡ» ማንን እንደምታመለክት ይናገሩ። በአንድ ክፍለ ጊዜ 2 ሥር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሥር ምርጫ ነው። በ«ከፈተ» ከጀመሩ «መክፈቻ» ላይ «ተ» ወደ «ቸ» ዞሮ ተማሪው ግራ ይጋባል። «ከፈለ»ም «ክፍያ» ላይ «ለ»ን ይጥላል። «ቆመ» እና «ሰማ» ከመነሻው የሚያሳዩት 2 ፊደል ብቻ ነው። «ሰበረ፣ ለቀመ፣ ጠበቀ» ይቅደሙ፤ ሌሎቹ ይህ ከተለመደ በኋላ ይመጣሉ።

ላልቶ ጠብቆ፦
እስማማለሁ፤ ሳድስን (እንደ «ት» እና «ም» ያለውን ስድስተኛውን የፊደል ቅርጽ) ግን አይርሱት። «ትምህርት»ን እያንዳንዱን ፊደል እየጎተተ የሚያነብ ሰው በንግግር የሚያውቀውን ቃል ራሱ አያውቀውም። አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ አያይዞ ፈጥኖ ይበለውና «የምታውቀው ቃል ሆነ?» ብለው ይጠይቁት።

መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ሰፊው ሰፊ ክፍል ውስጥ ይሠራል» የሚለውን ያስነብቡ፤ የመጀመሪያው ላልቶ ልብስ የሚሰፋው፣ ሁለተኛው ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። በሁለቱም መንገድ ሞክሮ ዓረፍተ ነገሩ የተቀበለውን መምረጥ መልመድ አለበት። ጎልማሳ ከልጅ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ በአፉ የሚያውቀው ቃል ብዙ ነው። አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ግን ይህ አይሠራም፤ ቃሉን አስቀድሞ በንግግር ማስተማር ያሻል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲሳሳቱስ ወዲያው ላርም?

ሥር ፈላጊ፦
ቃሉን አይንገሯቸው። የዘለሉትን «ማይ» በጣት ያሳዩና 5 ሰከንድ ያህል ይታገሡ። ካልመጣ «ይሰበራሉ ወይስ አይሰበሩም?» ብለው ይጠይቁ፤ ከትርጉሙ ተነሥተው ወደ ፊደሉ ይመለሳሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሰ»ን ከ«በ» የሚያምታቱት ከ40 ዓመት በላይ የሆኑት ከሆኑ ያንኑ ቃል በትልቅ ጽሑፍ ያስነብቧቸው። ስሕተቱ ከቀነሰ የሚያስፈልገው መነጽር ሊሆን ይችላል።