የጎንደሩ ኮሌጅ ግቢ ሜዳ፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ውይይት

ጸሐፊ፦
ረቂቁ አራት ሥራዎችን ይዟል። ክረምት ሳይገባ በሜዳው የላይኛ ዳር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ሜዳው ከመሀሉ ወደ ሁለቱ ጎን አንድ በመቶ ተዳፋት ይሰጠዋል፤ ሰርዶ ይተከላል፤ በመግቢያው «የሕክምና ኮሌጅ ሜዳ» የሚል የድንጋይ ሰሌዳ ይቆማል። እያንዳንዳችን ያዋጣነው 1,000 ብር ለዚሁ ነው። ሰነዱ እስከ ሚያዝያ 30 ለግቢው አስተዳደር ይገባል።

ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)፦
ቦዩ መቅደሙ ተገቢ ነው። አፈሩ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ስለሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ደግሞ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። ባለፈው ሳምንት ከታችኛው ጎል ፊት ባለው ስንጥቅ ሁለት ጣቴን እስከ መጨረሻ አንጓቸው አስገብቼ አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ እዚያው ቦታ ኳስ ውሃ ላይ ተኝታ ትቀራለች። በእንዲህ ዓይነት አፈር ቱቦ ብቻ መቅበር ገንዘብ መቅበር ስለሆነ ውሃው በገጹ ላይ እንዲፈስ መደረግ አለበት። ስፋቱ 68 ሜትር ከሆነ መሀሉ ከዳሩ 34 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። ቅየሳውን እሠራለሁ ያለው መሐንዲስ ቀኑን ያሳውቀን።

ጤና መኮንን፦
በስሙ አልስማማም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ ምክንያቱም በጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ አገሪቱ በገጠር የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች እንደሌሏት ስላጋለጠ ነበር። በዚያ ሜዳ መጀመሪያ የሮጡት ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ሆነው ሳለ፣ ከእነሱ በኋላ የመጣ ስም በድንጋይ ተቀርጾ ሲቆም ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ሐኪም፦
የሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕሲሽ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲጀመር ግቢው አዲስ ሕይወት አገኘ፤ ከዚያም ለረጅም ዓመታት አገር የሚያውቀው በሕክምና ሳይንስ ኮሌጅነቱ ነው። ሰሌዳው ሰዎች የሚያውቁትን ስም ይያዝ ማለት የማንንም ድርሻ መንጠቅ አይደለም።

ጤና መኮንን፦
ሰዎች ያንን ስም ብቻ የሚያውቁት የቀደመውን እኛ ስላልነገርናቸው ነው፣ ዶክተር። ሰሌዳ የሚቆመው ያልታወቀውን ለማሳወቅ ነው።

ሐኪም፦
እንዲህ ከሆነ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውም ይቅር፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሁሉም ወደ ራሱ ዘመን ከጎተተ ሰሌዳው አይቆምም።

ጤና መኮንን፦
ወደ ራሴ ዘመን አልጎተትኩም። ጎትተሃል ብለው እንዲጽፉብኝም አልፈቅድም። ያዋጣሁት ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የገባ መዋጮ አይመለስም፤ ይህ በመጀመሪያው ስብሰባ የተወሰነ ነው።

ነርስ፦
ሁለታችሁም ስትከራከሩ ነርሶችን ያነሳችሁት ለማሟያ ያህል ነው። ያ ሜዳ ለእኛ የኳስ ሜዳ ብቻ አልነበረም። የቡድን ሥልጠና ሊወጡ የተመደቡት ሦስቱ ሙያዎች ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዳቸው በፊት የሚተዋወቁት እዚያ ነበር። ጤና መኮንኑ ጎል ጠባቂ፣ እኔ መረብ ኳስ አቀባይ ሆነን የተዋወቅን ሰዎች በኋላ ገጠር አንድ ላምባ ፊት ተቀምጠን የክትባት መዝገብ ሞልተናል። ሰሌዳው ላይ ሦስቱም ሙያዎች በስማቸው ይጻፉ፤ ሐኪሞቹ አራተኛ ሆነው ይከተሉ።

የስፖርት አስተባባሪ፦
ስሙ የቱም ቢሆን ተመልካች የሚቀመጥበት የለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ የከተማው ልጅ ሁሉ ኳስ ላይ ነው፤ ማታ ማታ ወደ ግቢው ገብተው የሚለማመዱትን ታዳጊዎች አይቻለሁ። ቢያንስ የድንጋይ ደረጃ መቀመጫ ይጨመር።

ሳኒታሪያን፦
ለውድድርና ለተመልካች የፋሲለደስ ስታዲየም አለ። የእኛ ሜዳ ተማሪ ከንባብ ወጥቶ እግሩን የሚያፍታታበት፣ ሠራተኛው ማለዳ የሚሮጥበት ነው። ውሃ ላቆረ ሜዳ መቀመጫ መሥራት ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ሶፋ እንደ መግዛት ነው። መሐንዲሱስ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦
መሐንዲሱ ስልክ አላነሳም። የቅየሳው ተተኪ ሆነው የተመዘገቡት ሁለት አባላትም ምላሽ አልሰጡም።

ሐኪም፦
ትናንት የጻፍኩት ከሚገባው በላይ ሆኗል። ጋሼ፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ያስተማሩኝ ሰው ነዎት። «የጤና ኮሌጅ ሜዳ» ይባል፤ ሥሩ የሙያዎቹ ዝርዝርና የየዘመኑ ስም ይከተል።

ጤና መኮንን፦
ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን «የሕዝብ ጤና» ይባል፤ «ሕዝብ» የሚለው ቃል የሥራው ፍሬ ነገር ነው።

ነርስ፦
«ሕዝብ» ይግባ፤ ነርስም ከሳኒታሪያን አይለይ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰሌዳው አንድ ሳይሆን ሦስት ድንጋይ ሊሆን ነው። የጠራቢው ዋጋ በፊደል ብዛት ስለሚሰላ የቦዩን ድርሻ ይነካል።

ጸሐፊ፦
ከላይ በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁ ተስተካክሏል። ሦስት ክፍል ያለው የድንጋይ ሰሌዳ፣ በአንድ ወገን አጭር የድንጋይ መቀመጫ፣ እንዲሁም አባላት በሚያመጧቸው የድሮ ፎቶግራፎች የአንድ ቀን ዐውደ ርእይ ይኖራል። ቦዩና ተዳፋቱ ቅየሳ ስላልተሠራላቸው ወደ ሁለተኛ ምዕራፍ ተላልፈዋል።

ሳኒታሪያን፦
ተቃውሞዬ ይመዝገብ። ሰሌዳው የሚቆምበት መግቢያ የሜዳው ዝቅተኛ ማዕዘን ነው። መረሬ ላይ በጥልቀት ያልተመሠረተ ድንጋይ አፈሩ ሲያብጥ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይሰምጣል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይዘማል ወይም ይሰነጠቃል። ቅዳሜ ማለዳ በገመድና በውሃ ልክ እኔው ከፍታውን እለካለሁ፤ ችካል የሚይዝልኝ አንድ ሰው ያስፈልገኛል።

ነርስ፦
እኔ እመጣለሁ። ፎቶግራፎቹ ግን በየዓመተ ምሕረታቸው ይደርደሩ እንጂ በሙያ አይከፋፈሉ።

ጤና መኮንን፦
በሙያ ካልተከፋፈሉ ማን ማን እንደ ነበር እንዴት ይታወቃል?

ጸሐፊ፦
ተቃውሞው ተመዝግቧል። ሰነዱ ሰኞ በተስተካከለው ረቂቅ መሠረት ይገባል፤ የቅዳሜው ልኬት ከደረሰልኝ በአባሪነት አያይዘዋለሁ።