በቀይ ሽብር የተገደለ ወጣት፦ ከአንድ ፎቶና ከአንድ ካርድ ታሪኩን መጻፍ ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በለጋ ዕድሜው የተገደለ አጎታችንን ታሪክ ለቤተሰቡ ልጆች ልንጽፍ ነው። በእጃችን ያለው አንድ ፎቶና የ1963 ዓ.ም. የሚኒስትሪ (የስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና) ካርዱ ነው። አያታችን «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ይድህ ነበር» ይላሉ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶች ደግሞ «ዘምቷል፤ ጃንዋሪ 1970 ሞተ» ብለው ጽፈዋል። የቱን እንያዝ?

ዘመን ቆጣሪ፦ ካርዱን ያዙ፤ ማኅተም ያለው እሱ ነው። በ1963 ስምንተኛን ተፈትኖ ክፍል ካልደገመ በ1967 ዐሥራ ሁለተኛ ይደርሳል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ገጠር ስላዘመተ «ዘምቷል» የሚለው ይገጥማል። ዳዴው ግን አይገጥምም። ግርግሩ፣ ማለትም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት፣ ታኅሣሥ 1953 ነው፤ ያኔ የሚድህ ልጅ በ1963 ገና 11 ዓመቱ ነው። አያታችሁን «ተሳስተዋል» አትበሏቸው። «ያኔ ጡት የሚጠባው ማን ነበር? ከእሱ ቀጥሎስ ማን ተወለደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታናሹ ሊሆን ይችላል።

«ጃንዋሪ 1970» የተባለው ጥር 1970 ዓ.ም. ይመስለኛል፤ ወሩን ቀይረው ዓመቱን ረስተውታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1978 ነው።

መርዶ፦ የሞተበትን ቀን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ያኔ ብዙ ቤተሰብ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ስለተከለከለ በተዝካር ቀኑን የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል። ዘመድ የያዘው ቀን የታሰረበት፣ አስከሬኑ የታየበት ወይም መርዶ የደረሰበት ሊሆን ስለሚችል ሦስቱን ለየብቻ መዝግቡ። በኅቡእ ተደራጅቶ ከነበረ ጓዶቹ የሚያውቁት በሌላ ስም ይሆናል፤ ስትፈልጓቸው ከስሙ ይልቅ ፎቶውን አሳዩ። በስም ዝርዝር ስታስሱ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ እያላችሁ ሁሉንም ሞክሩ። መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስትሄዱ ስሙን እስከ አያት፣ ያኔ የነበረበትን ከፍተኛና ቀበሌ (የዘመኑን የከተማ አስተዳደር ክፍሎች) ጽፋችሁ ሂዱ። እዚያ የብዙ ሟቾች ፎቶ ተሰቅሏል።

የድሮ ፎቶ፦ ፎቶውን እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሙጫው ከተጣበቀ በኋላ አይመለስም። አልበሙ ላይ ከተጣበቀም አትላጡት፤ ከነገጹ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ጀርባው የሚታይ ከሆነ እሱንም አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን፣ አንዳንዴም ቀኑን ይነግራችኋል። ጀርባው ላይ የምትጽፉት በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ይዘልቃል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። አያታችንን ስለ ሞቱ እንዴት እንጠይቃቸው?

መርዶ፦ በሞቱ አትጀምሩ። ፎቶውን እጃቸው ላይ አድርጉና የት ይተኛ እንደነበር፣ ምን ምግብ ይወድ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ማን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ጠይቁ። ከ40 ደቂቃ አትለፉ፤ ስልካችሁ ይቅዳ። ስለዚያ ቀን ራሳቸው እስኪያነሱት ጠብቁ፤ ካላነሱትም ተዉት።