ኤኤምዲ የኢንቴል ኮፒ ነው እንዴ?

የጣና ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ጊዮርጊስ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ሻጩ ክዳኑን ሲከፍትልኝ ከኪቦርዱ በታች «ራይዘን 5» የሚል ተለጣፊ አየሁ፤ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ስም ነው። ጓደኛዬ ግን «ኤኤምዲ የኢንቴል ኮፒ ነው፣ ተወው» አለኝ። እውነት ነው?

ፖሊ ግቢ፦ ጓደኛህ ግማሹን ነው የሰማው። ሁለቱም ቺፕ ሠሪ ኩባንያዎች ናቸው። ኤኤምዲ የተመሠረተው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከኢንቴል አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቶ። ጄሪ ሳንደርስና ባልደረቦቹ ፌርቻይልድ ከሚባል የቺፕ ኩባንያ ወጥተው ነው የጀመሩት፤ የኢንቴል መሥራቾችም የወጡት ከዚያው ቤት ነው። ኮምፒውተር ሠሪው አይቢኤም ለፒሲው (ለግል ኮምፒውተሩ) ቺፕ ሁለተኛ አቅራቢ ስለፈለገ፣ በ1982 ኢንቴል ራሱ ተዋውሎ ነው ኤኤምዲ የቺፑን ዲዛይን እንዲያመርት የፈቀደለት። ስርቆት የለም! እንዲያውም ኤኤምዲ በ2003 ያወጣውን ባለ 64 ቢት አሠራር (ፕሮሰሰሩ መረጃን በ64 ቢት የሚያስኬድበትን) በኋላ ኢንቴልም ተቀብሎታል።

አባይ ማዶ፦ ኤኤምዲ ክፉ ጊዜም አይቷል። በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ለቀቀ። ሊሳ ሱ በ2014 መሪ ሆነች፣ ራይዘን በ2017 መጣ፣ ያኔ ነው ያንሰራራው። ዛሬ ዲዛይኑን ይሠራል፣ ዋና ዋና ቺፖቹን ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ ያመርትለታል። አንተ ግን ስትገዛ ፋኑን አስከፍተህ እይ፤ በባህር ዳር የሚያዝያ ሙቀት አቧራ የያዘ ፋን አያዛልቅህም።

የጣና ልጅ፦ ተባረኩ! ነገ በጠዋት ሄጄ አስከፍተዋለሁ።