የኮንቻ ሽፋን ኦቨን ውስጥ እየፈሰሰ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮንቻ (ዛጎል ማለት ነው) የሚባለውን የሜክሲኮ ጣፋጭ ዳቦ የምትጋግሩ፣ እስቲ እርዱኝ። ሊጡ ችግር የለበትም፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ መጨረሻ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚገባ 100 ግራም የገበታ ቅቤ። ሲሳብ ሳይበጠስ እንደ ስስ ላስቲክ ይለጠጣል።

ያቃተኝ ከላይ ያለው የስኳር ሽፋን ነው። ዱቄት፣ የላመ ስኳርና የገበታ ቅቤ እኩል 100 ግራም አድርጌ፣ ጠፍጥፌ፣ ድቡልቡሉን ሊጥ አለብሰውና የዛጎሉን መስመር በቢላ አወጣለታለሁ። 180 ዲግሪ ኦቨን በገባ በ10 ደቂቃው መስመሩ ድራሹ ይጠፋል፤ ሽፋኑ በጎን ወርዶ ትሪው ላይ እንደ ብስኩት ይደርቃል። 20 ግራም ዱቄት ስጨምርበት ደግሞ ፍርክስክስ ብሎ ይረግፋል።

ጥርጣሬዬ ቅቤው ላይ ነው፤ ውሃ አለው፣ ቶሎም ይቀልጣል። ሜክሲኮዎቹ በብዛት የሚጠቀሙት የረጋ የአትክልት ቅባት ነው። ግማሽ በግማሽ ባደርገው ይበቃል ወይስ ሙሉ በሙሉ ልተካው? ወይስ ሽፋኑን ካለበስኩት በኋላ ኩፍ እንዲል 1 ሰዓት ተኩል መተዌ በዝቶ ይሆን? ወጥ ቤቱ 28 ዲግሪ ይሞቃል።