ዋኖሷን ሳላስበረግጋት እንዴት ልቅረጻት?

የኮተቤዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከጓዳዬ መስኮት ፊት ለፊት ባለው የኮክ ዛፍ ላይ ዋኖስ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ታቅፋለች። የስምንት ዓመት ልጄ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ እንቅረጻቸው እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ትናንት ወንበር ላይ ቆሜ ስልኬን ሳስጠጋ ብር ብላ ሄደች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው የተመለሰችው። ሁለት ነጭ እንቁላል አይቻለሁ። ቀዝቅዞ ይበላሽ ይሆን? ትታውስ ትሄዳለች? ልቤ አልተረጋጋም።

የዳሞት ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ከተመለሰች ሩብ ሰዓት ምንም አያደርገውም። ደጋግመሽ ካስበረገግሻት ግን ጥላው ልትሄድ ትችላለች። ደግሞ «እሷ» ያልሻት ሁለት ናቸው፤ ዋኖስ ባልና ሚስቱ በየተራ ነው የሚታቀፉት። ብዙውን ጊዜ ቀን ወንዱ፣ ሌሊት ሴቷ ትተኛበታለች። ተራ ሲለዋወጡ ለመቅረጽ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጠብቂ፤ ከሁሉ የሚያምረው ያ መለዋወጡ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይፈለፈላል።

ካሜራ ጠጋኙ፦
ለምን ትወጫለሽ? ከቤት ውስጥ ቅረጪ። አሮጌ ስልክ ካለሽ መስኮቱ ላይ አስደግፊው፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፊው፣ የክፍሉን መብራት አጥፊ፤ አለበለዚያ መስታወቱ ላይ የሚታየው የራስሽ ምስል ነው የሚቀረጸው። መጋረጃውን ዝጊና ለሌንሱ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ተዪ። ፍላሽ በፍጹም! ስክሪኑ ላይ ጎጆውን በጣትሽ ተጭነሽ ስትቆዪ ብዙ ስልኮች ፎከሱን ይቆልፉታል፤ ያን ካላደረግሽ ንፋስ ቅጠሉን ባወዛወዘ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። ቻርጀሩን ሰክተሽ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ጥሪ እንዳያቋርጥሽ። ለረጅም ሰዓት ታይም ላፕስ (በየተወሰነ ጊዜ አንድ አንድ ምስል እያነሳ አፍጥኖ የሚያሳየው) ይሻላል፣ ሜሞሪ ቶሎ አይሞላም።

የሱሉልታዋ፦
አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ለቪዲዮ እንዲመች ብለሽ ቅጠል እንዳትቆርጪ። እኔ ባለፈው ዓመት ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር ያነሳሁት። በማግስቱ ቁራ ጎጆውን አይቶ ጫጩቶቹን ወሰዳቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድመት ካለሽም ሰሞኑን ከቤት አታውጫት።

የኮተቤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲፈለፈሉስ? ልጄ ፍርፋሪ ልስጣቸው ይላል።

የዳሞት ልጅ፦
አይሆንም። ወላጆቹ ጉሮሯቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት ወተት የመሰለ ነገር እያመነጩ ያጎርሷቸዋል። ጫጩቷ አፏን እናቷ አፍ ውስጥ ከትታ ስትጠባ ማየት ነው እንጂ! ልጁ እሱን ይጠብቅ። ላባ ካወጡ በኋላ ግን ወደ ዛፉ ማንም አይጠጋ፤ ከደነገጡ መብረር ሳይችሉ ዘለው ይወድቃሉ።

የኮተቤዋ፦
እሺ። መጋረጃውን ዘግቼ የድሮ ስልኬን አስቀምጫለሁ። ባል ይሁን ሚስት እንጃ፣ አንዱ አሁን ተረጋግቶ ታቅፏል። ልጄ ከመጋረጃው ኋላ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ተራ የሚለዋወጡበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነው።