ከመደፈር በኋላ ወሎ ውስጥ የት ይኬድ? (ጥቆማ)

«እህቴ ተደፈረች፣ መጀመሪያ የት ልውሰዳት?» ለሚል ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ጤና ተቋም። ፖሊስም ሽማግሌም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የኤችአይቪ መከላከያው፣ ፔፕ የሚባለው፣ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ያድናል። ነገሩን በሽምግልና እንጨርስ ሲባል ሦስት ቀን እንደ ዋዛ ያልፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታልን አስቀድሙ። የተጠቂዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው። ህክምናው፣ የምክር ድጋፉና የሕግ ማስረጃው እዚያው ስለሚያያዝ የደረሰባትን በየቢሮው እየዞረች አትደግምም። ለእኔ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው።

ደላንታ ወይም ወረኢሉ ገጠር ላይ ከሆናችሁ ግን ደሴ እስክትደርሱ አትጠብቁ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገብታ የመጀመሪያዋን ኪኒን ትዋጥ፤ ሪፈሩ ከዚያ ይጻፋል። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ዝግ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። «የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ካሏት ኃላፊውን አነጋግሩ፤ ህክምናው ደብዳቤ አይጠብቅም።

ፋርማሲ ሄዶ ፖስት ፒል ገዝቶ መመለስ በቂ አይደለም። ፖስት ፒል እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪን አይከላከልም። እሱም እስከ 5 ቀን ቢሠራም ቶሎ ሲዋጥ ነው የሚሻለው።

ፔፕ 28 ቀን ሙሉ ይዋጣል። አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንድ ኪኒን ነው። ብረት፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ለባለሙያው ትንገር፤ አብረው ሲዋጡ የፔፑን አቅም ሊያዳክሙ ይችላሉ። ቢያቅለሸልሻት እንኳ አታቋርጥ፤ ተመልሳ ትማከር። የአባላዘር በሽታ መከላከያና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ጠይቁላት። የኤችአይቪ ምርመራው በኋላም ስለሚደገም ቀጠሮዋን ያዙላት።

ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ታጥባ ከሆነም አትቅር፣ ትሂድ።

72 ሰዓቱ ካለፈም አትቅር። ምርመራው፣ የቁስሉ ህክምናና ምክሩ አሁንም አለ። ካረገዘችም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በመደፈር የመጣን ጽንስ በጤና ተቋም ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ የእሷ ቃል ይበቃል። «አብሽሪ» በሏትና አብራችኋት ሂዱ፤ ካርድ ማውጣቱን እናንተ ጨርሱላት።